የተማሪ ጨዋታ ቀጠሮው ሲገፋ፦ ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ፌዴሬሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ፌዴሬሽን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣
ለአባል አገሮች የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበራት፣
ጨዋታውን ለማዘጋጀት ለሚያስቡ ዩኒቨርሲቲዎች አመራሮች፤

ጉዳዩ፦ የመላው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ታሪክ እንዲሰነድና የጊዜ ሰሌዳው እንዲጸና ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የፌዴሬሽኑ አመራሮችና የማኅበራት ተወካዮች፣

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የመረጥሁት ጉዳዩ የአንድ ጽሕፈት ቤት የውስጥ ሥራ ብቻ ባለመሆኑ ነው። የመላው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ፣ ማለዳ በየግቢው ሜዳ ላይ ልምምድ ሠርተው ከዚያ ወደ ክፍልና ወደ ቤተ ሙከራ የሚገቡ የአህጉሪቱ ተማሪዎች ሁሉ ሀብት ነው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ይመስላል፤ አንደኛው የጨዋታው ታሪክ ተሰብስቦ እንዲጻፍ፣ ሁለተኛው የጊዜ ሰሌዳው ከእንግዲህ እንዳይናጋ ነው። በእኔ እምነት ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ምክንያቱንም ከታሪኩ ጋር እያያያዝሁ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በደብዳቤው ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ለብሔራዊ ቡድን የሚሮጥ አትሌት አንድ ውድድር ቢራዘምበት ይቆጨው ይሆናል እንጂ በተራዘመበት ቀን ይሮጠዋል። የተማሪ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው የአራት ዓመት ጉዞ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓመት አዲሱን ኑሮ በመልመድ ያልቃል፤ የመጨረሻው ደግሞ በመመረቂያ ጽሑፍና በሥራ ፍለጋ ሐሳብ ይያዛል። ዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ፌዴሬሽንም ቢሆን በታላላቅ ጨዋታዎቹ የሚያሳትፋቸው ከ25 ዓመት ያልበለጡትን፣ በትምህርት ላይ ያሉትን ወይም ባለፈው ዓመት የተመረቁትን ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት ዓመት ልዩነት ሊካሄድ የታሰበ ጨዋታ ስድስት ዓመት ቢዘገይ፣ አንድ ሙሉ የተማሪ ትውልድ በዩኒቨርሲቲው በር ገብቶ፣ ተምሮና ተመርቆ፣ ጨዋታውን ሳያይ ይወጣል ማለት ነው። ጨዋታው ተራዘመ ብሎ መናገር የሚችለው አዘጋጁ ነው፤ ለተወዳዳሪው ግን ተሰርዟል። ይህን ልዩነት የአህጉራችን የስፖርት አስተዳደር በቅጡ ያስተዋለው አይመስለኝም፤ የተማሪዎችን ውድድር ሲያራዝም የዋንጫ ጨዋታን ከቅዳሜ ወደ እሑድ የሚያዛውር ያህል ቀሎት ኖሯልና።

የተማሪዎች ዓለም አቀፍ ውድድር በአውሮፓ የተጀመረው አፍሪካ በአብዛኛው በቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ፔቲዣን በ1923 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና አዘጋጀ። ውድድሩ በተለያዩ የአውሮፓ ከተሞች ሲዞር ቆይቶ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ምሥራቅና ምዕራብ በየፊናቸው የየራሳቸውን የተማሪ ውድድር ያካሂዱ ጀመር፤ ዛሬ የምናውቀው ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1949 የተመሠረተው በዚህ መከፋፈል መካከል ነበር። በ1957 የሁለቱ ወገን ተማሪዎች ፓሪስ ላይ በአንድ መድረክ ተገናኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1959 ጣሊያናዊው ፕሪሞ ኔቢዮሎ በመራው ዝግጅት፣ በቱሪን ከተማ፣ ዩኒቨርሲያድ የሚል ስያሜ የተሰጠው የመጀመሪያው ጨዋታ ተካሄደ። በዚያ ጨዋታ ለአሸናፊዎች የየአገራቸው ብሔራዊ መዝሙር በመዘመር ፈንታ የተማሪዎች መዝሙር የሆነው ጥንታዊው የላቲን ዜማ ጋውዴያሙስ እንዲሰማ ተወሰነ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለአውሮፓ ጥሩ መላ እንደነበር አምናለሁ፤ ሆኖም መዝሙሯን ገና ትናንት ላገኘች አገር ልጅ ያ የላቲን ዜማ ምን ያህል ልቡን ይሞላው ነበር ብዬ መጠየቄ አልቀረም።

በዚያው ዘመን በእኛ አህጉር የሆነውን ስናይ፣ የተማሪዎች መቀራረብ ከሜዳ አስቀድሞ በመማሪያ ክፍል መጀመሩን እንረዳለን። በሚያዝያ 1958 የነጻ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ አክራ ላይ በተካሄደበት ወቅት ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች፤ ከዚያም ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው ተማሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ከ1963 እስከ 1970 ድረስ ማከረሬ፣ ናይሮቢና ዳሬሰላም በአንድ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ነበሩ። በናይጄሪያ የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ማኅበር በ1965 ተቋቁሞ በተከታዩ ዓመት ኢባዳን ላይ የመጀመሪያውን የአገር ውስጥ ውድድር አካሄደ። የእናንተ ፌዴሬሽን በ1971 ሲመሠረት በባዶ መሬት ላይ አልተተከለም ለማለት ነው። በየአገሩ የተደራጁ ማኅበራት፣ ድንበር ተሻግረው የተማሩ ወጣቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍሪካውያን በራሳችን መድረክ እንገናኝ የሚል ጽኑ ስሜት ነበረ።

ያ ስሜት በስፖርቱ መስክ ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ለመረዳት የዘመኑን ቀናት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የመጀመሪያው የመላው አፍሪካ ጨዋታ በ1965 ብራዛቪል ላይ ተካሄደ። የአፍሪካ ከፍተኛ የስፖርት ምክር ቤት በ1966 ተመሠረተ። ቀጣዩን ጨዋታ ባማኮ በ1969 እንድታስተናግድ ታስቦ ሳለ፣ በ1968 በማሊ የተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት ዝግጅቱን አስቀረውና ሁለተኛው ጨዋታ እስከ 1973 ዘግይቶ በሌጎስ ተከፈተ። የተማሪዎቹ ጨዋታ የተወለደው በዚህ መነቃቃት ማግሥት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዝግጅት በ1974/75 የትምህርት ዓመት በጋና ዋና ከተማ በአክራ ሆነ። ያው አክራ፣ ከ16 ዓመት በፊት መሪዎቹ የተሰበሰቡባት ከተማ፣ አሁን ተማሪዎቹን ተቀበለች። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥርዓት ምክንያት ከአህጉሩ ስፖርት ተገልላ ነበር። አንጎላና ሞዛምቢክ ገና ከፖርቱጋል አገዛዝ እየወጡ ነበር።

የአገራችን ተማሪዎች በዚያ የትምህርት ዓመት የት እንደነበሩ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1974 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታውጆ ዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርቱን አቋረጠ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንም ወደ ገጠር ዘመቱ። አክራ የአፍሪካን ተማሪዎች ለስፖርት በጠራችበት ዓመት የኢትዮጵያ ተማሪ መሠረተ ትምህርት ያስተምር፣ የገበሬ ማኅበር ያደራጅ፣ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። ይህን የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። የአንድ ጨዋታ ታሪክ በመጡት ብቻ አይጻፍም፤ ያልመጡት ለምን እንዳልመጡም የታሪኩ አካል ነው፤ ወደፊት መዝገቡ ሲዘጋጅ ለእያንዳንዱ ዝግጅት ይህን የሚያስረዳ ገጽ እንዲኖረው የምጠይቀውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ ናይሮቢ ተሻገረ። ስለዚያ ወቅት ሳስብ አንድ ኬንያዊ ተማሪ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሄንሪ ሮኖ በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ በ3,000 ሜትር፣ በ3,000 ሜትር መሰናክል፣ በ5,000 ሜትርና በ10,000 ሜትር አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ። የታንዛኒያው ሱሌይማን ንያምቡይም በዚያው ዘመን በቴክሳስ ኤል ፓሶ ዩኒቨርሲቲ ይማርና ይሮጥ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞሮኳዊቷ ነዋል ኤል ሙተወኪል የአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የ400 ሜትር መሰናክልን አሸነፈች። እነዚህ ወጣቶች የሄዱት አገራቸውን ጠልተው አልነበረም፤ ትምህርትና ስፖርትን በአንድ ላይ የሚያስኬድ፣ በየሳምንቱ ውድድር የሚያገኙበት፣ መቼ እንደሚሮጡ ዓመቱ ሲጀመር የሚያውቁበት ሥርዓት እዚያ ስለነበረ ነው። በአሜሪካ የኮሌጆች ሻምፒዮና በየዓመቱ በተለመደው ወቅቱ ይካሄዳል፤ አሠልጣኙ ልምምዱን፣ ተማሪው የፈተናውን ዝግጅት በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይደለድላል። የተሻለ የመሮጫ ሜዳና የተሻለ ጫማ እንደረዳቸው አልክድም፤ ቀኑ የታወቀ ውድድር ግን ከሁለቱም ይበልጥ ሯጭን እንደሚሠራ አሠልጣኞች ይመሰክራሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው አሥር ዓመት ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መራራ ነበር። የመንግሥታት ዕዳ ከበደ፤ በመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራሞች ሳቢያ የከፍተኛ ትምህርት በጀት ተቆረጠ፤ ገንዘቡ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ይዙር የሚለው ምክር ከለጋሾች በኩል ገነነ። በብዙ ግቢዎች የተማሪዎች ተቃውሞና የመምህራን አድማ ተደጋግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለወራት ይዘጉ ነበር። ምግብ ቤትና መኝታ ቤት ማስተዳደር ያቃተው ግቢ ልዑክ በአውሮፕላን ሊልክ አይችልም። በአፍሪካ ውስጥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መብረር ዛሬም ውድ ነው፤ ያኔ ደግሞ በአውሮፓ በኩል ዞሮ መሄድ የተለመደ ነበር። ጨዋታው በእነዚያ ዓመታት ስለ መሳሳቱ ማንንም አልወቅስም።

ሆኖም ቁጥሩን አለማየት አይቻልም። ዘጠነኛው የመላው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ በ2018 በመቐለ ተካሄደ። ከአክራው የመጀመሪያ ጨዋታ እስከዚያ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል፤ ዘጠኝ ጨዋታዎች ማለት በአማካይ በአምስት ዓመት አንድ ገደማ ነው። በዚያው ጊዜ ውስጥ፣ ከ1975ቱ የሮም ዝግጅት እስከ 2017ቱ የታይፔ ዝግጅት፣ የዓለም የበጋ ዩኒቨርሲያድ 22 ጊዜ ተካሂዷል። ልዩነቱን በሀብት ብቻ አስረድቶ ማለፍ ቀላል ነበር፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። የዓለሙን ፌዴሬሽን ታሪክ ስንመረምር ግን ሀብታሞቹም አዘጋጅ አጥተው፣ ገንዘብ ጎድሏቸው ያውቃሉ። ልዩነቱ ያኔ ያደረጉት ነገር ነው።

በ1975 ዩኒቨርሲያድን ታዘጋጅ የነበረችው ቤልግሬድ ነበረች። ወጪውን መሸፈን ስላልተቻለ ዝግጅቱን ተወችው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ያን ዓመት ባዶ አላስቀረውም፤ ውድድሩን ወደ ሮም ወስዶ አትሌቲክስን ብቻ አካሄደ። አንድ ስፖርት ብቻ ይዞ ዩኒቨርሲያድ ብሎ ጠራው፤ በመዝገቡም ከሌሎቹ እኩል ተቆጠረ። በ1989 ደግሞ የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ከአዘጋጅነት ስትወጣ የጀርመኗ ዱይስበርግ ባጭር ጊዜ ውስጥ ተረክባ በአትሌቲክስ፣ በቅርጫት ኳስ፣ በሻሞላ ፍልሚያና በጀልባ ቀዘፋ ብቻ፣ በአራት ስፖርቶች፣ አካሄደችው። በሁለቱም ጊዜ ጨዋታው አነሰ፤ ቀጠሮው ግን ተከበረ። ለዚህም ነው በ1979 ጣሊያናዊው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፒየትሮ ሜኔያ በሜክሲኮ ሲቲው ዩኒቨርሲያድ ላይ በ200 ሜትር 19.72 ሰከንድ በመሮጥ ለ17 ዓመታት ሳይሰበር የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ለማስመዝገብ መድረክ ያገኘው። የእኛም አህጉር ልጆች በዚያ ሰንሰለት ተጠቅመዋል፤ ሞሮኳዊው ሰዒድ አዊታ በ1981 በቡካሬስት 1,500 ሜትርን፣ ደቡብ አፍሪካዊው አካኒ ሲምቢኔ በ2015 በጓንግጁ 100 ሜትርን በ9.97 ሰከንድ አሸንፈዋል።

እንግዲህ የደብዳቤዬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። ትልቅ ሆኖ ከሚዘገይ ጨዋታ ትንሽ ሆኖ በቀኑ የሚካሄድ ጨዋታ ለተማሪ ይሻላል። ፌዴሬሽኑ በደንቡ ውስጥ የትንሹን ጨዋታ ድንጋጌ እንዲያስገባ እጠይቃለሁ፤ አዘጋጁ ዩኒቨርሲቲ ወይም አገር በጦርነት፣ በወረርሽኝ፣ በገንዘብ እጥረት ወይም በማናቸውም ምክንያት ማዘጋጀት ካልቻለ፣ አስቀድሞ የተሰየመ ተጠባባቂ አዘጋጅ በዚያው ዓመት አትሌቲክስንና ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት የኳስ ጨዋታዎችን እንዲያካሂድ፣ ይህም ሙሉ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት እንዲመዘገብ። ለአትሌቲክስ አንድ መም፣ ጥቂት ዳኞችና የተማሪዎች መኝታ ቤት ይበቃሉ። የመክፈቻው ትርኢት ቢቀር የሚጎዳ ተማሪ የለም፤ በእርግጥ የሚያዝኑ ባለሥልጣናት ይኖሩ ይሆናል።

ቀጠሮው በየትኛው ዓመት ይጽና ለሚለው፣ ጥንድ ዓመትን እመርጣለሁ። የዓለሙ የበጋ ጨዋታ በጎዶሎ ዓመት እንዲካሄድ የተቀመጠ ነው፤ የአህጉሩ ጨዋታ ከእርሱ አንድ ዓመት ቢቀድም ለምርጫም ለዝግጅትም ያመቻል። አውሮፓውያኑን ብንመለከት፣ የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1999 ነው፤ ከእናንተ 28 ዓመት ዘግይቶ። በመጀመሪያ በነጠላ ስፖርቶች ሻምፒዮና እያካሄዱ ቆዩና በ2012 በስፔኗ ኮርዶባ ብዙ ስፖርት ያቀፈውን የመጀመሪያ ጨዋታ ከፈቱ፤ ከዚያ በ2014 ሮተርዳም፣ በ2016 ዛግሬብና ሪየካ፣ በ2018 ኮይምብራ ተከተሉ። የኮሮና ወረርሽኝ የ2020ውን የቤልግሬድ ዝግጅት ቢያናጋውም በ2022 በፖላንድ ከተማ ወደ ጥንድ ዓመታቸው ተመልሰዋል። ዘግይቶ የተነሣው ማኅበር ቀድሞ የተነሣውን በሥርዓት ሲቀድመው ማየት ያሳፍራል ብዬ አልጽፍም፤ ነገር ግን መማር አያሳፍርም።

የማዘጋጀት ብቃት አለን ወይ የሚለውን ጥርጣሬ ታሪኩ ራሱ መልሶታል። በ2014 ኢንቴቤ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የአገር አቋራጭ ሻምፒዮናን አስተናግዳለች። በ2018 የናሚቢያዋ ስዋኮፕመንድ የሰባት ሰው ራግቢን፣ ካምፓላ ደግሞ የኔትቦልን የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ተቀብለዋል። የዓለሙ የበጋ ጨዋታ ግን ከ1959 ጀምሮ እስከ 2025ቱ የራይን ሩር ዝግጅት ድረስ አንድም ጊዜ ወደ አፍሪካ አልመጣም። የራሱን ጨዋታ በቀኑ የማያካሂድ አህጉር የዓለሙን ጨዋታ ስጡኝ ቢል የሚሰማው አያገኝም፤ ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳው ጉዳይ ከተማሪው ጥቅም አልፎ የአህጉሩ የመደራደሪያ አቅምም ነው።

አሁን ወደ ሰነዱ ልመለስ። ጨዋታው ያረፈባቸው ከተሞች ስም ብቻ በቅደም ተከተል ቢቀመጥ የአህጉሪቱን የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ ያሳያል። ዊንድሁክ በ2012 ስታዘጋጅ፣ ናሚቢያ ነጻ ከወጣች 22 ዓመቷ ነበር፤ የናሚቢያ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የተቋቋመው በ1992 ነው። ማለትም የአክራው ጨዋታ ሲካሄድ አገሩም ዩኒቨርሲቲውም ገና በዚያ ስም አልነበሩም። ጆሃንስበርግ በ2016 ያዘጋጀችው፣ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጊዜ ወደ አህጉሩ የስፖርት መድረክ እንዳትቀርብ የተከለከለች አገር ከተማ ሆና ነው። ካምፓላም በ2008 ተቀብላለች፤ የምሥራቅ አፍሪካው የጋራ ዩኒቨርሲቲ ሲፈርስ ማከረሬ ብቻውን በቆመባት ከተማ። የመቐለ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በዚህ ስሙ የተቋቋመው በ2000 ነው፤ በ18 ዓመቱ የአፍሪካን ተማሪዎች አስተናገደ። በ2024 ደግሞ ሌጎስ ተራውን ተቀበለች። ይህን ሁሉ የያዘ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ የተሟላ የውጤት መዝገብ ለአንባቢ ሊቀርብ ይገባዋል።

የመቐለው ጨዋታ ከተካሄደ ሁለት ዓመት ጥቂት እንዳለፈው፣ በኅዳር 2020፣ በትግራይ ጦርነት ተጀመረ። በጦርነቱ የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ምን ያህል እንደተጎዱ የታወቀ ነው። ጨዋታውን ያስተናገደች ከተማ ስልክና ባንክ ተቋርጦባት ለወራት ከዓለም ተለይታ ቆየች። ይህ አንድ ነገር ሊያስተምረን ይገባል። የአንድ ጨዋታ ውጤት፣ ፎቶግራፍ፣ የተወዳዳሪዎች ዝርዝር፣ የሒሳብ ሰነድና የአዘጋጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ በአዘጋጁ ግቢ ብቻ ከተቀመጠ፣ ግቢው ላይ የሚደርሰው ሁሉ በሰነዱም ላይ ይደርሳል። አህጉራችን መፈንቅለ መንግሥት፣ ጦርነትና የግቢ መዘጋት ያላጋጠመው አዘጋጅ አገር ከጥቂቶች በቀር የለውም። ስለሆነም ጨዋታው በተጠናቀቀ በስድስት ወር ውስጥ አዘጋጁ የሰነዱን ሙሉ ቅጂ ለፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት እንዲያስረክብ፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ቢያንስ በሁለት አገሮች የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ግዴታ ይሁን። የአዘጋጅነት ውል ሲፈረም ይህ አንቀጽ ከመኝታና ከምግብ አንቀጽ እኩል ይግባ።

ሰነድና ቀጠሮ አንድ ጥያቄ ናቸው ያልሁት እዚህ ላይ ይታያል። አዲስ አዘጋጅ ከቀዳሚው የሚረከበው ነገር ከሌለው ሁሉን ከዜሮ ይጀምራል። ስንት ልዑክ ሊመጣ እንደሚችል፣ ስንቱ ተመዝግቦ እንደሚቀር፣ የምዕራብ አፍሪካ ቡድኖች በየትኛው ወር ፈተና ላይ እንደሚሆኑ፣ በአረብኛ፣ በፈረንሳይኛና በፖርቱጋልኛ የሚናገሩ ልዑካን ስንት አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ፣ የመምና የዳኝነት ዕቃ ከየት እንደተገኘ፣ ወጪው የት ላይ እንዳበጠ፣ ይህ ሁሉ ከዚህ ቀደም አንድ ሰው ደክሞ ያወቀው ነገር ነው። ያ ዕውቀት ካልተላለፈ አዲሱ አዘጋጅ ግምቱን ያበዛል፣ በጀቱ ይንራል፣ መንግሥቱ ያመነታል፣ ቀኑም ይገፋል። በዩኒቨርሲቲ ስፖርት አስተዳደር ላይ ለጥቂት ጊዜ የሠራ ሰው ይህን ሰንሰለት ሳይነገረው ያውቀዋል። ሮም በ1975 አንድ ስፖርት ብቻ ይዛ መከፈቷ የተጻፈ ባይሆን ኖሮ፣ ዱይስበርግ በ1989 በአራት ስፖርት ብቻ ለመክፈት ያን ያህል ባልደፈረች ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ለሰነዱ ሥራ ጊዜው እያለፈ መሆኑንም ላሳስብ። በአክራ በ20 ዓመታቸው የተወዳደሩ ተማሪዎች ዛሬ 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ የያኔዎቹ አሠልጣኞችና አስተባባሪዎች ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ፣ ሚኒስትር ሆነው ጡረታ ወጥተዋል ብሎ መገመት አያስቸግርም። በየቤታቸው የተቀመጠ ፎቶግራፍ፣ የተቆረጠ ጋዜጣ፣ የተሳትፎ የምስክር ወረቀት ይኖራል። እያንዳንዱ ብሔራዊ ማኅበር በአገሩ ያሉትን ፈልጎ ቃላቸውን እንዲቀዳ፣ ሥራውንም ለታሪክና ለስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች እንደ መመረቂያ ጥናት ርዕስ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ። ለዚህ ከቅርብ ካለ መቅጃና ከአንድ ታታሪ ተማሪ በላይ ወጪ አያስፈልግም። የአገራችን የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበርም ሥራውን ከመቐለው ጨዋታ ሊጀምር ይችላል፤ የዝግጅቱ ሠራተኞች፣ በጎ ፈቃደኞችና ተወዳዳሪዎች ገና በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ትዝታቸውም ያልደበዘዘ ነው፤ ጦርነቱ ያጠፋው ሰነድ ካለም በሰዎቹ ቃል ሊተካ የሚችለው አሁን ነው።

መዝገቡ ሲዘጋጅ በሜዳሊያ ሠንጠረዥ ብቻ እንዳይወሰን እፈልጋለሁ። የአገር ስም ብቻ ተጽፎ የተማሪውና የዩኒቨርሲቲው ስም የሚቀርበት አመዘጋገብ ለተማሪ ጨዋታ አይመጥንም። ሙሉ ስም፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የትምህርት መስክ፣ ሰዓት ወይም ርቀት ይግባ። ሴት ተማሪዎች በየትኞቹ ስፖርቶች መቼ መወዳደር እንደጀመሩ በተለይ ይጣራ፤ ይህ ከማንኛውም የሜዳሊያ ብዛት ይበልጥ ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይናገራል።

ለዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች የማቀርበው አጭር ነው። ቀኑ ጸንቶ ከታወቀ በአካዳሚክ ካሌንደራችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ለሚወዳደር ተማሪም የፈተና ማካካሻ በሴኔት ደንብ እንጂ በመምህሩ መልካም ፈቃድ የሚወሰን አይሁን።

በመጨረሻም ፌዴሬሽኑ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሦስት የውሳኔ ሐሳቦች በአጀንዳ እንዲያስይዝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ጨዋታው በየጥንድ ዓመቱ እንዲካሄድና ለእያንዳንዱ ዝግጅት ተጠባባቂ አዘጋጅ አብሮ እንዲመረጥ፣ የትንሹ ጨዋታ ድንጋጌ በደንቡ እንዲካተት፣ እንዲሁም ከ1974/75 እስከ ዛሬ ያለውን ሰነድ የሚያሰባስብ፣ ከአምስቱም የአህጉሪቱ ክፍሎች አባላት ያሉት ኮሚቴ ተሰይሞ ለሥራው የጊዜ ገደብ እንዲቆረጥለት። የኮሚቴው የመጀመሪያ ሪፖርትም ለአባል ማኅበራት ብቻ ሳይሆን ለሕዝብ ይፋ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስፖርት ሳይንስ መምህር